ባር ግራፍን የፈጠረው ባለዕዳ፦ የዊልያም ፕሌይፌር ሕይወትና ለጋዜጠኛ የተወው ጥያቄ

በእኛ ትምህርት ክፍል ቁጥር ሲነሳ ፊቱ የማይለዋወጥ ተማሪ ማግኘት ይከብዳል። ብዙዎቻችን ወደ ጋዜጠኝነት የመጣነው ከሒሳብ ለመሸሽ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ምን ዋጋ አለው፣ ቁጥሩ ተከትሎን መጣ። የጤና ሪፖርት ቁጥር ነው፣ የግብርና ሪፖርት ቁጥር ነው፣ የበጀት ዜና ደግሞ ከላይ እስከ ታች ቁጥር ነው። ጋዜጠኛው ይህን ሁሉ ቁጥር በጽሑፍ ሲደረድረው አንባቢው ይሰለቻል። ስለዚህ ግራፍ ይሠራለታል። ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ኮምፒዩተር ላይ አንድ ቦታ ሲጫኑ የቆሙ ዓምዶች ተደርድረው ይመጣሉ። ዓምዶቹ ባር ግራፍ ይሁኑ ወይስ ሂስቶግራም ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም ነው። ሁለቱም የቆመ ዓምድ ስለሆኑ አንድ ይመስሉናል።

አንድ አይደሉም። ልዩነታቸው ብዙ ጊዜ የሚነገረን በደረቅ ትርጉም ነው፤ ለፈተና ይጠናል፣ ከፈተና በኋላ ይረሳል። እኔ በዚህ ጽሑፍ ሌላ መንገድ መርጫለሁ። ባር ግራፍን የፈጠረውን ሰው ሕይወት እተርካለሁ፤ በመሐል በመሐል ደግሞ ወደ ጂንካና ወደ ደቡብ ኦሞ እየተመለስኩ ነገሩ ለእኛ ምን እንደሆነ ለማሳየት እሞክራለሁ። ሰውየው ዊልያም ፕሌይፌር ይባላል። ከሞተ 200 ዓመት አልፎታል። በአውሮፓ የሆነውን በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በአገራችን የሆነውን ዓ.ም. እያልኩ በራሳችን አቆጣጠር መጻፌን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ሙቀት መለኪያውና ታላቅ ወንድሙ

ፕሌይፌር የተወለደው በ1759 በስኮትላንድ ምድር፣ ዳንዲ ከተማ አጠገብ በምትገኝ ሊፍ በምትባል መንደር ነው። አባቱ የአካባቢው ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ። በ1772 አባቱ ሲሞቱ ዊልያም ገና ልጅ ስለነበር የማሳደጉ ኃላፊነት በታላቅ ወንድሙ በጆን ላይ ወደቀ። ጆን ፕሌይፌር ኋላ በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኖ በሒሳብና በመሬት ጥናት ስሙ የገነነ ሰው ነው።

ይህ ታላቅ ወንድም ለታናሹ አንድ ቀላል የቤት ሥራ ሰጠው። በየቀኑ የሙቀት መለኪያውን እያየ እንዲመዘግብና የመዘገበውን በወረቀት ላይ በመስመር እንዲያሳይ ነገረው። በቃ ይኸው ነው። ዊልያም ግን ይህን ትምህርት ዕድሜ ልኩን አልረሳውም። በቁጥር ሊነገር የሚችል ማንኛውም ነገር በመስመር ሊታይ እንደሚችል ያስተማረው ወንድሙ መሆኑን ካደገ በኋላ በጽሑፉ መስክሯል።

እስኪ ይህን የልጅነት መዝገብ ወደ እኛ አገር አምጥተን እንየው። አንድ ሰው ጂንካ ላይ ቁጭ ብሎ የአንድ ዓመት የቀን ሙቀት ቢመዘግብ ከ360 በላይ ቁጥሮች ይኖሩታል። ከእነዚህ ቁጥሮች ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ይወጣሉ። አንደኛው ሙቀቱ ከወር ወር እንዴት ተለዋወጠ የሚል ነው፤ ለዚህ የፕሌይፌር መስመር ይበቃል። ሁለተኛው ደግሞ በዓመቱ ውስጥ ስንት ቀን በጣም ሞቀ፣ ስንት ቀን ለዘብ አለ፣ ብዙዎቹ ቀናትስ የት ላይ ተከማቹ የሚል ነው። ይህን ሁለተኛውን የሚመልሰው ሂስቶግራም ነው። መዝገቡ አንድ ነው፣ ጥያቄው ግን ሁለት ነው። የግራፉ ዓይነት የሚመረጠው በጥያቄው ነው ማለት ነው።

ከወፍጮ ቤት ወደ ዋት ቢሮ

ዊልያም መጀመሪያ የሠለጠነው በእጅ ሙያ ነበር። የእህል መውቂያ ማሽን በመፍጠር በሚታወቀው በአንድሩ ሚክል ዘንድ የወፍጮ ሥራ ተማረ። በ1777 ወደ በርሚንግሃም ሄዶ በእንፋሎት ሞተሩ ስሙ በሚነሳው በጄምስ ዋት ቢሮ በንድፍ ሠራተኛነትና በረዳትነት ተቀጠረ። እዚያ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ለቀቀና ወደ ለንደን አቀና። የብር ዕቃ የሚሠራ ድርጅት አቋቋመ፣ አልሆነለትም። በሕይወቱ ከከሰሩበት ሥራዎች የመጀመሪያው ይህ ነበር፤ የመጨረሻው ግን አልነበረም።

ንግዱ ሲከስር ወደ ብዕር ዞረ። በ1786 የንግድና የፖለቲካ አትላስ የሚል መጽሐፍ አሳተመ። አትላስ ሲባል ካርታ የጠበቀ አንባቢ ሳይገረም አልቀረም፣ ምክንያቱም በውስጡ አንድም የአገር ካርታ የለም። ያሉት 44 ግራፎች ናቸው። 43ቱ የእንግሊዝን ንግድና ገንዘብ በጊዜ ሂደት የሚያሳዩ ናቸው፤ ወደ አገር የገባው ዕቃ በአንድ መስመር፣ የወጣው በሌላ መስመር፣ በመሐላቸው ያለው ክፍተት ደግሞ ትርፍ ወይም ኪሳራ ሆኖ ይታያል። ግራፎቹ በመዳብ ሰሌዳ ተቀርጸው ከታተሙ በኋላ በእጅ ቀለም ይቀቡ ነበር።

መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት ዋት አንድ ምክር ሰጥቶት ነበር። ግራፎቹ የተሠሩባቸው ሠንጠረዦች አብረው ቢታተሙ ይሻላል፣ ያለዚያ ሰው ሥዕሉን ብቻ አይቶ ላያምን ይችላል የሚል ነበር ምክሩ። እኔ ይህን ምክር ለእያንዳንዱ የዜና ክፍል ግድግዳ ላይ ብለጥፈው ደስ ይለኛል። ግራፍ አቅርቦ ቁጥሩን መደበቅ እኮ ምንጭ ሳይጠቅሱ ዜና እንደመጻፍ ነው።

አንድ ዓመት ብቻ፣ 17 አገሮች

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። ከ44ቱ ግራፎች አንዷ ብቻ ከሌሎቹ ትለያለች። ርዕሷ የስኮትላንድ ንግድ ነው። ፕሌይፌር ለእንግሊዝ የብዙ ዓመት ቁጥር አግኝቶ ነበር፤ ለትውልድ አገሩ ለስኮትላንድ ግን በእጁ የገባው የአንድ ዓመት ብቻ ነው፤ ከ1780 የገና በዓል እስከ 1781 የገና በዓል ያለው። የአንድ ዓመት ቁጥር ይዞ ደግሞ ወደ ላይ የሚወጣ ወይም ወደ ታች የሚወርድ መስመር መሥራት አይቻልም።

ምን አደረገ? ስኮትላንድ የምትነግድባቸውን 17 አገሮችና ግዛቶች በዝርዝር አስቀመጠና ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ዘንግ አስመረ፤ አንዱ ለገቢ ዕቃ፣ አንዱ ለወጪ ዕቃ። አየርላንድ አለች፣ ሩሲያ አለች፣ አሜሪካ አለች፣ ሌሎችም አሉ። የዘንጉ ርዝመት የገንዘቡን መጠን ይናገራል። ብዙ የስታትስቲክስ ታሪክ ጸሐፊዎች ከመጀመሪያዎቹ ባር ግራፎች አንዷ የሚሏት ይህችን ነው። የሚገርመው ፕሌይፌር ራሱ አልወደዳትም። ጊዜን ስለማታሳይ ከሌሎቹ ያነሰች አድርጎ ቆጥሯታል። ዛሬ በዓለም ላይ በየቀኑ የሚሠራው ግራፍ ግን በአብዛኛው የእሷ ዘር ነው።

እዚህ ላይ ፕሌይፌር ያልሠራውን ነገር ማየት ያስፈልጋል። ያልነበረውን ቁጥር ከሐሳቡ አልሞላም። የአንድ ዓመት መረጃ ይዞ ንግዱ አደገ ወይም ወደቀ አላለም። የአገሮቹ ስም በባሕርዩ ቅደም ተከተል እንደሌለውም ገብቶታል። አየርላንድ ከሩሲያ በፊት ብትመጣ ወይም በኋላ ብትመጣ ትርጉሙ አይለወጥም። የባር ግራፍ የመጀመሪያ ምልክቱ ይህ ነው። ዓምዶቹን እንደ ወንበር ቦታ ማለዋወጥ ከተቻለ ነገሩ የስም ዝርዝር ነው። በመሐላቸውም ክፍተት ይተዋል፣ ምክንያቱም በአየርላንድና በሩሲያ መካከል ግማሽ አየርላንድ ግማሽ ሩሲያ የሚባል አገር የለም።

ይህን በአካባቢያችን እንመልከተው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ደቡብ ኦሞ ዞን ከ573 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበረው። የዞኑን ሕዝብ በብሔረሰብ ከፍሎ ለማሳየት የሚፈልግ ጋዜጠኛ አሪ፣ ማሌ፣ ዳሰነች፣ ሐመር፣ በና፣ ጸማይ፣ ኛንጋቶም፣ አርቦሬ፣ ሙርሲ እያለ ይዘረዝራል። ይህ ባር ግራፍ ነው፣ ሌላ ሊሆን አይችልም። ዓምዶቹን አጣብቆ ቢሠራቸው አንዱ ብሔረሰብ የሌላው ቀጣይ ደረጃ የሆነ ያስመስላል፤ ይህ ደግሞ ከስታትስቲክስ ስህተትም በላይ ነው። ቅደም ተከተሉንም ጋዜጠኛው ነው የሚመርጠው። በሕዝብ ብዛት ቢደረድር አሪ ይቀድማል፣ ማሌ ይከተላል፤ በፊደል ተራ ቢደረድር ሌላ ይቀድማል። ሁለቱም ይቻላል፣ ግን የትኛውን እንደመረጠ ለአንባቢ መንገር አለበት።

ሌላም ነገር አለ። የስም ክፍሎች በሰው ውሳኔ ይለወጣሉ። በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት አሪ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ስለዚህ የ1999ኙን ደቡብ ኦሞ ከዚያ ወዲህ ካለው ደቡብ ኦሞ ጎን ዓምድ አቁሞ ሕዝቡ ቀነሰ የሚል ሰው ቢመጣ፣ ሰው አልቀነሰም፣ የተቀነሰው የዞኑ ወሰን ነው ብሎ ማረም የጋዜጠኛው ሥራ ነው።

ፓሪስ፣ ያልነበረ መሬት

ፕሌይፌር በ1787 ወደ ፓሪስ ሄደ። አትላሱ በንጉሥ ሉዊ 16ኛ እጅ ደርሶ እንደወደዱት ጽፏል። ሁለት ዓመት ሳይቆይ አብዮቱ ፈነዳ። ፕሌይፌር በዚያ ግርግር መሐል ሲዮቶ በሚባል ኩባንያ ሥራ ገባ። ኩባንያው በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ወንዝ ዳር ያለ መሬት ለፈረንሳውያን ይሸጥ ነበር። ከአብዮቱ ለመሸሽ የፈለጉ ብዙ መቶ ሰዎች ገንዘባቸውን ከፍለው ባሕር ተሻገሩ። በ1790 ሲደርሱ ግን ገዛነው ያሉት መሬት ባለቤትነቱ የሻጮቹ አልነበረም። ደኑን እየመነጠሩ ጋሊፖሊስ የምትባለውን መንደር መሠረቱ፣ ብዙ ተንገላቱ። የገንዘቡ ጉዳይ ሲነሳ ጣት ከተቀሰረባቸው ሰዎች አንዱ ፕሌይፌር ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከፈረንሳይ ሸሽቶ ወደ ለንደን ተመለሰ። በ1797 ከሌሎች ጋር ባንክ ከፈተ፣ ባንኩም ወዲያው ወደቀ። በዕዳ ምክንያት ፍሊት በሚባለው እስር ቤት ታሰረ። በስተርጅናው ደግሞ ከአንድ ሀብታም መኳንንት ምስጢር አወጣብሃለሁ ብሎ ገንዘብ ለማግኘት መሞከሩ በታሪክ ተመዝግቧል።

ይህን የምጽፈው የሞተን ሰው ስም ለማጉደፍ አይደለም። ለእኛ ለጋዜጠኞች ትልቅ ትምህርት ስላለው ነው። በንግዱ ያልታመነ ሰው በግራፉ ታምኗል። ይህ የሆነው ግራፉ በወረቀት ላይ ስላለ፣ ቁጥሩ ስለሚታይና ማንም ሊመረምረው ስለሚችል ነው። በተቃራኒው ደግሞ የታመነ ሰው፣ የታመነ መሥሪያ ቤት የሠራው ግራፍ የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሚመረመረው የሠሪው ማንነት ብቻ ሳይሆን ሥራው ነው።

ከዕዳውና ከእስሩ መሐልም ብዕሩን አላስቀመጠም። በ1801 ባሳተመው ሌላ መጽሐፍ ዛሬ ፓይ ቻርት የምንለውን ክብ ግራፍ ለዓለም አስተዋወቀ፤ የቱርክን ግዛት በአፍሪካ፣ በእስያና በአውሮፓ ከፋፍሎ ያሳየበት ክብ ነው። መስመሩ፣ ባሩ፣ ክቡ፣ ሦስቱም በአንድ ሰው እጅ አለፉ ማለት ነው። አራተኛው ግን ሌላ ሰው ጠበቀ።

ሂስቶግራም ስሙን ሲያገኝ

ሂስቶግራም የሚለውን ስም ያወጣው እንግሊዛዊው የስታትስቲክስ ሊቅ ካርል ፒርሰን ነው። ቃሉን በ1891 ለንደን ውስጥ በግሬሻም ኮሌጅ ሲያስተምር ተጠቀመበት፣ በ1895 ደግሞ በጥናታዊ ጽሑፉ አሳተመው። ፕሌይፌር ከሞተ 70 ዓመት ገደማ በኋላ መሆኑ ነው። ፒርሰን የሚያሳስበው የአገሮች ዝርዝር አልነበረም፣ የሚለካ ነገር ነበር፤ የሰው ቁመት፣ የአካል ክፍሎች መጠንና የመሳሰለው። የሚለካ ነገር ደግሞ አይቆራረጥም። በ160 እና በ165 ሴንቲ ሜትር መካከል ማለቂያ የሌላቸው ቁመቶች አሉ። ስለዚህ ዓምዶቹ ይጣበቃሉ፣ ቦታቸውን መለዋወጥም አይቻልም።

የፒርሰንም ታሪክ ጥላ አለበት። የሰውን ልጅ በመለካት የተሻለና ያነሰ ብሎ ለመለየት የሚጥረው የዩጀኒክስ አስተሳሰብ ዋና አራማጅ ነበር። ያስተምርበት የነበረው የለንደኑ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በዚህ ምክንያት በ2020 በስሙ ይጠራ ከነበረው ሕንፃ ላይ ስሙን አንስቷል። የደቡብ ኦሞን ሕዝብ የውጭ ሰው እየመጣ ፎቶ ሲያነሳው ላየን ለእኛ ይህ ቁም ነገር ነው። መለካቱ ክፉ አይደለም፤ ማን፣ ለምን፣ ለማን ብሎ እንደለካ ግን መጠየቅ ይገባል።

አሁን የሁለቱን ልዩነት በምሳሌ ላሳይ። ቁጥሩ ለማስረዳት ያህል እኔ የፈጠርኩት እንጂ ከየትም የተገኘ አይደለም። 100 አባወራዎች ውኃ ለመቅዳት ስንት ደቂቃ እንደሚሄዱ ተጠየቁ እንበል። 20ዎቹ ከ15 ደቂቃ በታች፣ 20ዎቹ ከ15 እስከ 30፣ 30ዎቹ ከ30 እስከ 60፣ የቀሩት 30ዎቹ ደግሞ ከ60 እስከ 120 ደቂቃ ይሄዳሉ። ይህን እንደ ባር ግራፍ በእኩል ስፋት ስንሠራው ዓምዶቹ 20፣ 20፣ 30፣ 30 ሆነው ወደ ቀኝ ከፍ ይላሉ። ያየው ሰው ሰዉ የተከማቸው ሩቅ ጫፍ ላይ ነው ብሎ ይሄዳል። ግን የመጨረሻው ክፍል 60 ደቂቃ ይዟል፣ የመጀመሪያው 15 ብቻ። አራት እጥፍ ሰፊ ማጀት ብዙ ዕቃ ቢይዝ ምን ይገርማል?

ሂስቶግራም ይህን ያስተካክላል። በሂስቶግራም የሚነበበው የዓምዱ ቁመት ሳይሆን ስፋቱና ቁመቱ ተባዝቶ የሚመጣው ቦታ ነው። ሁሉንም ለ15 ደቂቃ ስናካፍለው ቁመቱ 20፣ 20፣ 15 እና 7.5 ይሆናል። ያው መረጃ አሁን ወደ ቀኝ ዝቅ እያለ ይሄዳል። አብዛኛው ሰው ከአንድ ሰዓት በላይ ይሄዳል ብሎ ርዕስ ለመስጠት የተዘጋጀ ጋዜጠኛ ብዕሩን ያስቀምጣል፤ ምክንያቱም ከአንድ ሰዓት በላይ የሚሄዱት ከ100 ውስጥ 30 ናቸው። ታዲያ 30 ቀላል ነው ማለት አይደለም። በሂስቶግራሙ ያ ዓምድ አጥሮ ስለሚታይ እነዚያን 30 ቤተሰቦች በጽሑፍ ማንሳት የግድ ነው። የውኃ ጉድጓድ የት ይቆፈር የሚለው ክርክር እንዲህ ባለ ሥዕል ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ ጨዋታ አይደለም።

ሌላው ምሳሌ የራሳችን ጳጉሜን ናት። አንድ ጤና ጣቢያ በየቀኑ 10 ሰው ያክማል እንበል። በ30 ቀን ወር 300 ሕሙማን፣ በአምስት ቀኗ ጳጉሜን 50 ሕሙማን ይሆናሉ። በ13 እኩል ዓምዶች ስናቆመው ጳጉሜን ላይ በሽታ ድንገት የጠፋ ይመስላል፤ መስከረም ላይ ደግሞ ወረርሽኝ የገባ። አንድም የተለወጠ ነገር የለም። የተለወጠው የወሩ ስፋት ነው። የ13 ወር ፀጋ ያለው አገር ጋዜጠኛ ይህን ከማንም በፊት ማወቅ አለበት።

ዕድሜም እንዲሁ ነው። በቆጠራዎቻችን ብዙ ሰው ዕድሜውን ሲጠየቅ በዜሮና በአምስት በሚያልቅ ቁጥር ይናገራል፤ 30፣ 35፣ 40 እያለ። ዕድሜን በየአንድ ዓመቱ ከፍለን ሂስቶግራም ብንሠራ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል። በየአምስት ዓመቱ ከከፈልነው ጥርሱ ይለዝባል። በየሃያ ዓመቱ ከከፈልነው ደግሞ ጥርሱም ይጠፋል፣ ቁም ነገሩም አብሮ ይጠፋል። ስንት ክፍል ይበቃል ለሚለው ስተርጅስ የተባለ አሜሪካዊ በ1926 ያቀረበው መነሻ ስሌት አለ። በእሱ ስሌት 64 መረጃ ላለው 7 ክፍል ይመከራል። መነሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ሁለት ሦስት ዓይነት ሞክሮ ማየት ይሻላል።

የገበያ ዜናም ቢሆን ሁለቱንም ይፈልጋል። ጂንካ ቅዳሜ፣ ቀይ አፈር ሐሙስ፣ ቱርሚ ሰኞ ገበያ ይቆማል። በሦስቱ ገበያዎች ስንት ፍየል ተሸጠ ከተባለ ባር ግራፍ ነው፣ የገበያ ስም ነውና። በቅዳሜው የጂንካ ገበያ የፍየል ዋጋ ከስንት እስከ ስንት ተዘረጋ፣ የት ላይ በዛ ከተባለ ሂስቶግራም ነው። አማካይ ዋጋ ብቻ ከተነገረ ግልገሉና ሙክቱ አንድ ላይ ተደባልቀው ማንም ያልገዛበት ዋጋ ዜና ይሆናል።

የስንዴው ግራፍና ሞቱ

ወደ ፕሌይፌር ልመለስ። በ1821፣ ዕድሜው ከ60 ሲያልፍ፣ ስለ ገበሬዎች ችግር አንድ ጽሑፍ አዘጋጀ። በውስጡም ከሥራዎቹ ሁሉ የላቀች የሚሏትን ግራፍ አስቀመጠ። ከ1565 ጀምሮ የስንዴን ዋጋ በተጣበቁ ዓምዶች፣ የአንድ ጥሩ ባለሙያ የሳምንት ደመወዝን በመስመር፣ ከላይ ደግሞ የነገሡትን ነገሥታት ዘመን በተርታ አሳየ። በዳቦ ዋጋና በሠራተኛ ደመወዝ መካከል ያለውን ግንኙነት ለሕዝብ ለማስረዳት ነበር። ዛሬ ጤፍ ተወደደ፣ ደመወዝስ ብሎ የሚጠይቅ ሁሉ የእሱን ጥያቄ ነው የሚጠይቀው።

ይህቺ ግራፍ ስትታይ ሂስቶግራም ትመስላለች፣ ዓምዶቿ ተጣብቀዋልና። ግን አይደለችም። ዓምዱ የሚናገረው በዚያ ዘመን ዋጋው ስንት እንደነበር ነው እንጂ ስንት ጊዜ እንደተከሰተ አይደለም። ስለዚህ መጣበቅ አለመጣበቁን ብቻ አይቶ መፍረድ አይበቃም፤ ቁመቱ ምን እንደሚቆጥር መጠየቅ ያስፈልጋል። የሚገርመው ፒርሰንም ቃሉን ሲያስተዋውቅ የነገሥታትንና የጠቅላይ ሚኒስትሮችን ዘመን በታሪክ ለማሳየት ያገለግላል ብሎ አስተምሮ እንደነበር የስታትስቲክስ ታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ቃሉ ዛሬ ያለውን ጠባብ ትርጉም የያዘው ኋላ ነው።

ፕሌይፌር የካቲት 1823 ለንደን ውስጥ በድህነት ሞተ። 63 ዓመቱ ነበር። በአገሩ ብዙ አሥርት ዓመታት የሚያስታውሰው አልነበረም። ንግዱ አለፈ፣ ባንኩ አለፈ፣ ዕዳውም አለፈ፤ የቀረው አትላሱ ነው።

ከዚህ ሕይወት የወሰድኩትን ባጭሩ ላስቀምጥ። ግራፍ ከመሥራታችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ ከዓምዶቹ ሥር ያለው ስም ነው ወይስ ልኬት? ስም ከሆነ ባር ግራፍ፣ በክፍል በክፍል የተቆጠረ ልኬት ከሆነ ሂስቶግራም። ሁለተኛ፣ ክፍሎቹ እኩል ስፋት አላቸው? ከሌላቸው ቁመቱን ሳይሆን ቦታውን እናስላ። ሦስተኛ፣ ሠንጠረዡ አብሮ አለ? ኤክሴል ከ2016ቱ እትም ጀምሮ ሂስቶግራምን ለብቻው አካቷል፤ ነገር ግን የትኛው እንደሚያስፈልገን ፕሮግራሙ አያውቅም።

የመጨረሻው ነጥቤ በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በዳሰነች ምድር ከ300 በላይ ሰው የሞተበትን ጎርፍ ይመለከታል። የዚያ ዓመት ጉዳት በየቀበሌው ሲዘረዘር ባር ግራፍ ይሆናል፣ የት የከፋ እንደነበርም ያሳያል። ሕዝቡ የሚጠይቀው ግን ይህ ነገር በስንት ዓመት አንዴ ይመጣል ብሎ ነው። ያንን የሚመልሰው የብዙ ዓመት የውኃ ከፍታ ልኬት በሂስቶግራም ሲቀመጥ ነው። በእጃችን የአንድ ዓመት ቁጥር ብቻ ካለ እንደ ፕሌይፌር የአንድ ዓመቱን እንሥራ፣ የሌለንን አንጨምር፣ የጎደለውን ልኬት ደግሞ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄደን እንጠይቅ። በወንዙ ዳር ከብቱን የሚያሰማራው ሰው የሚፈልገው ያንን መልስ ነው።